የገነቴ መኪና እና የዘጠኝ ቤት ቆጣሪ

አልተሸጠችም። ገዢው ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ እጁን ወደ ዱራሜ ተመልሷል። መኪናዋ ደግሞ አሁን ይህን ስጽፍ በወዳጃችን በሙሉወርቅ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ የእንሰት ጉቶ አጠገብ ቆማ ኤሌክትሪክ እየሞላች ነው። ወሬውን ከኔ ቀድሞ ለሰው ያደረሰ ስለሌለ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ግን የማን መኪና እንደሆነች ሳልነግራችሁ ሮጥኩ፤ ልመለስና በሥርዓቱ ልጀምር።

መኪናዋ የገነቴ ናት። ገነቴ የሆሳዕና ቅቤ ነጋዴ፣ የጡረተኛው መምህር የማቴዎስ ሚስት፣ የኔ ደግሞ የአጥር ጎረቤት ናት። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ጃጁራ አጠገብ ሲሆን ንግድ የጀመረችው ገና በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ በጀርባዋ አዝላ ከጃጁራ ሆሳዕና በእግሯ ትመጣ ነበር። በኋላ ትንሽ ሲደላት አይሱዙ ላይ መውጣት ጀመረች። ለዶዮገና ገበያ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታ፣ ከጎመንና ከድንች ጆንያ ጋር ተጭና ትሄዳለች፤ ማታ በዚያው ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ረዳቱ ቅቤዋን ሙቀት ካለበት ቦታ አስቀምጦባት፣ ዶዮገና የተገዛው ቅቤ ሆሳዕና ሲደርስ ዘይት ሆኖ ወረደ። ይህን ስታወራ ድምፅዋን አትለውጥም፤ "መኪና የተመኘሁት የዚያን ቀን ነው" ትልና ወደ ሌላ ወሬ ታልፋለች።

ሃያ ሁለት ዓመት አይሱዙ ላይ መውጣትና መውረድ ጉልበቷን ጨረሰው። የዛሬ ሁለት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ያለው ታናሽ ወንድሟ ግማሹን ላከላት፣ ግማሹን ራሷ ጨመረች፣ አዲስ አበባ ሄዳ አንዲት ነጭ ትንሽ የቻይና መኪና ገዛች። ቤንዚን የምትጠጣ አይደለችም፤ እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ተሰክታ የምትሞላ ናት። ገነቴ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። ሁለቱንም ጊዜ የጣላት ፓርኪንግ ነው። ማቴዎስ ያኔ፣ "ቅቤ ስትደረድር በመሃሉ ጣት አታስገባም፤ መኪና ላይ ምን ነካት?" እያለ በየበሩ ያወራ ነበር።

የሠራችው ስህተት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። በሌላ አገር ሰው የሚሠራው ስህተት አይመስለኝም።

በኛ ዘንድ መኪና ያለው ሰው ለቅሶ ሲኖር መኪናውን ያወጣል። ይህ ማንም የማይጠይቀው ነገር ነው። ተሳፋሪም ሥርዓት አለው፤ ስንመለስ፣ ልንወርድ ስንል፣ ከሴቶቹ አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ትዘረጋለች፣ ሁሉም የአቅሙን ይጥላል፣ እሷም ጠቅልላ ባለመኪናው እጅ ላይ ታደርጋለች። ስሙ "የቤንዚን" ነው። ባለመኪናው ሦስት ጊዜ "ኧረ ተዉ" ይላል፤ በአራተኛው ኪሱ ይከታል። እንዲህ ስለሆነ ማንም አይጎዳም።

ገነቴ መኪናዋን ባመጣች በሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ወጣች። ማይክ ያዘች። ከአይሱዙ ጀምራ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ እንባዋም መጣ። ደህና ነበር፣ እዚያ ላይ ብታቆም። ግን ቀጠለች፦

"ጌታ ቤንዚን የማትጠጣ መኪና ሰጥቶኛል። እኔ በነፃ የተቀበልኩትን በነፃ እሰጣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለቅሶ ከኔ ጋር የሚሄድ ሰው አምስት ሳንቲም እንዳያወጣ። ባወጣ አልቀበልም።"

ጉባኤው በአንድ አፍ "አሜን" አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ማቴዎስ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። "ሁሉም አሜን አለ" አለ ቀስ ብሎ። "ቆጣሪያችን ግን ምን እንደሚል አልሰማንም።"

"አንተ ደግሞ በደስታ ቀን" አለችው ገነቴ።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። መብራቱም ርካሽ ነበር፣ መኪናዋም አዲስ ነበረች። ማክሰኞ አንዱ ገበያ፣ ረቡዕ ሌላው፣ ቅዳሜ ዶዮገና። ወደ ዶዮገና ስትወጣ ባትሪው ይወርዳል፣ ስትመለስ ቁልቁለቱ ትንሽ ይመልስላታል። ገነቴ ይህን ነገር በጣም ትወደዋለች፤ "ዳገት የወሰደብሽን ቁልቁለት የሚመልስልሽ በዚህ ዓለም ላይ ይቺ ብቻ ናት" ትለኝ ነበር። ሞቃት ቀን ላይ ግን ማቀዝቀዣውን አትከፍትም፣ ባትሪ ይበላል ብላ። ቅቤው በእርጥብ ኮባ ተሸፍኖ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ይቀመጣል፤ እኛ ከፊት ተቀምጠን በላብ እንጠመቃለን።

ከዚያ የመብራት ዋጋ በየጥቂት ወሩ ከፍ ማለት ጀመረ። የካርድ ቆጣሪው ብሩን ቶሎ ቶሎ ዋጠ። ከተማ ውስጥ የተከፈተው የመሙያ ጣቢያም ዋጋውን ጨመረ፣ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ። ጎማዋም አለቀ፤ የጎማው ዋጋ ሲነገራት ገነቴ ሻጩን "አራቱን ነው ወይስ አንዱን?" ብላ ጠየቀችው። አንዱን ነበር።

ለቅሶው ደግሞ በዛ። ለቅሶ በዛ ስል ሰው ከድሮው ይልቅ ሞተ ማለቴ አይደለም። የቤንዚን መኪና ያላቸው ሰዎች መኪናቸውን ማውጣት ተዉ። "የገነቴ አለች አይደል፤ ቤንዚን ለምን ይቃጠላል?" አሉ። ከንፈር የሚመጥ የሩቅ ዘመድ ሁሉ እሷ ዘንድ መጣ። ዳምቦያ ድረስ ደርሶ መልስ፣ አምስት ሰው፣ አንዳንዴ ስድስት። ሲወርዱ ነጠላ የሚዘረጋ የለም፤ ቤንዚን ለማትጠጣ መኪና "የቤንዚን" ምን ይባላል? ይመርቋታል። ምርቃቱን አሜን ብላ ተቀብላ፣ ቤቷ ገብታ መኪናዋን ትሰካለች።

እሷም ቃሏን ማጠፍ አልቻለችም። ማይክ ይዛ የተናገረችው ነው። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር ገዢ ፈለገች። ሽብሩ የሚባል የዱራሜ ነጋዴ "ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ፣ ከተስማማን ብሩንም ይዤ ነው" አላት። መኪናዋ ከሄደች ገነቴ ወይ በዚያ ጉልበት አይሱዙ ላይ ትወጣለች፣ ወይ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራችውን ንግድ ትተዋለች። ሦስተኛ መንገድ አልነበረም፤ ወይም ያለ አልመሰላትም።

ሽብሩ ከሚመጣበት ቅዳሜ በፊት ያለው ሐሙስ ዊጆ ነበር። ዊጆ ሴቶች ብቻ የሚገቡበት የቅቤ ዕቁብ ነው። አንዲት ሴት ከአንዲት ላም በሳምንት የምታገኘው ቅቤ ጣት ላይ የሚቀር ነው፤ ሰብስበን በየተራ ለአንዷ ስንሰጥ ግን ባለተራዋ የምትሸጠው ወይም ለዘመን መለወጫችን ለያሆዴ በዓል የምታስቀምጠው ቅቤ ታገኛለች። የኛ ዊጆ ዘጠኝ ሴት ነው። እኔም ስም መዝጋቢዋ ነኝ። ዳኛችን ሙሉወርቅ ናት፤ ተራ የምታወጣ፣ ያረፈደችውን የምትቀጣ፣ ውሃ የበዛበትን ቅቤ በአውራ ጣቷ ጫን ብላ የምታውቅ ሴት። የዚያን ሐሙስ የተሰበሰብነው ገነቴ ቤት ነበር።

ቅቤው ተመዝኖ እንዳለቀ ገነቴ ወለሉን እያየች፣ "መኪናዋን ልሸጣት ነው" አለች። "ቅዳሜ የዱራሜ ሰው ይመጣል። ጉልበቴ እምቢ አለኝ።"

"የትኛው ጉልበትሽ?" አለች ሙሉወርቅ።

"ቀኙ።"

"ባለፈው ግራው ነው ብለሽን ነበር።"

"ሁለቱም ናቸው።"

"አንቺ ሴት፣ መኪና ተቀምጠሽ አይደል የምትነጂው? ሸጠሽ በምን ልትሄጂ ነው? በአይሱዙ? ለታመመ ጉልበት የአይሱዙ መሰላል ይሻለዋል?"

ከመሃላችን ታናሿ ትዝታ ሳቀች። ገነቴ አልሳቀችም።

ወንድ ዊጆ ውስጥ አይገባም። ማቴዎስም አልገባም፤ አግዳሚ ወንበር አምጥቶ በራፉ ላይ አስቀመጠና ሊመለስ ሲል ቆመ።

"ጉልበቷ አይደለም" አለ። "ቆጣሪው ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ወደ ሥራህ ሂድ" አለች ገነቴ።

"ሥራዬ ጡረታ ነው። ሄጄበት ነው የመጣሁት።"

"ጋሼ ማቴዎስ፣ ቆጣሪው ምን ሆነ?" አለች ሙሉወርቅ። "እዚያው ሆነው ይናገሩ፤ እግርዎ ብቻ ደፉን እንዳያልፍ።"

ማቴዎስ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ ከተጠየቀ ያስረዳል። የመብራት ዋጋ መጨመሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ አለ። የማታውቁት ግን ብዙ የሚፈጅ ቤት በከፍተኛው ተመን እንደሚከፍል ነው፤ ትንሽ የሚፈጅ ደግሞ በዝቅተኛው። መኪናዋ ቤት ስትሞላ የኛ ቤት ወፍጮ ቤት መስሏል። እናንተ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ናችሁ፣ እኛ ግን ላይኛው እርከን ላይ ወጥተናል። በዚህ ወር ከሞላነው ውስጥ ደግሞ ከግማሹ የሚበልጠው ያለቀው ገበያ ላይ አይደለም።

"የት ነው ያለቀው?" አለች ትዝታ።

መልሱ እኛው ጋ ነበር። እኔ ራሴ በዚያ ወር ዳምቦያ ሁለቴ ለቅሶ ሄጃለሁ። ሙሉወርቅ ሦስቴ። የተቀመጥነው ሁሉ የየራሳችንን ቆጠርን።

ትዝታ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ሌሎቻችንም እጃችንን ወደየቦርሳችን ሰደድን።

"አትድከሙ" አለች ገነቴ። "አልቀበልም። ጉባኤ ፊት የተናገርኩትን አልውጠውም። ለዚህ ነው የምሸጣት፤ መኪና ከሌለኝ ማንንም አልከለክልም፣ ከማንም አልቀበልም።"

"ምን ነበር በትክክል ያልሽው?" አለች ሙሉወርቅ።

"አንድ ሰው አምስት ሳንቲም እንዳያወጣ፣ ባወጣ አልቀበልም።"

"ሳንቲም ነው ያልሽው።"

"አዎ።"

ሙሉወርቅ ወደ በራፉ ዞረች። "ጋሼ ማቴዎስ፣ መኪናዋ እኔ ቤት ብትሞላ የኔ ቆጣሪ በየትኛው ተመን ይከፍላል?"

"አንድ ቀን ከሆነ በዝቅተኛው። በየቀኑ ከሆነ አንቺም እኛ ጋ ትመጫለሽ።"

"በየቀኑ ማን አለ? ዘጠኝ ነን። ዛሬ እኔ፣ ነገ ትዝታ፣ ከነገ ወዲያ ሌላዋ። በዘጠነኛው ቀን ወደ ገነቴ ይመለሳል። አንዷ ላይ ሲከመር ውድ የሆነው ዘጠኝ ቦታ ሲበተን ይረክሳል ማለት ነው?"

ማቴዎስ ጣቱን አገጩ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። "ይረክሳል" አለ። "ተማሪዬ ብትሆኚ ኖሮ ሰባተኛ ክፍል አልጥልሽም ነበር።"

"እኔ ሰባተኛ ክፍል አልደረስኩም" አለች ሙሉወርቅ። "እንደ ቅቤው እናደርገዋለን። ቅቤውን ከዘጠኝ ቤት እንሰበስባለን፤ መብራቱንም ከዘጠኝ ቤት ትሰበስባለች። ለሁሉም እኩል መስፈሪያ፣ ለእያንዳንዷ ሦስት ሰዓት፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ። ያሳለፈች ትቀጣለች።"

"ይሄም ያው ገንዘብ ነው" አለች ገነቴ።

"ቅቤስ ገንዘብ አይደለም? ስንት ዓመት ከእጄ ስትቀበይ አንድ ቀን ገንዘብ ሰጠሽኝ ብለሽ ታውቂያለሽ?"

"ዊጆ ነዋ፣ ተራዬ ሲደርስ ነው የምቀበለው። እኔም ሰጥቻለሁ።"

"ዳምቦያ ሦስቴ ወስደሽኛል። ተራሽ ደርሷል።"

ገነቴ ነጠላዋን አወለቀች፣ መልሳ ለበሰች። በመጨረሻ ያለችው ይህን ነው፦

"ያንቺ በር ግን መኪና አያስገባም።"

ሙሉወርቅ ወደኔ ዞር ብላ፣ "ጻፊ፤ ተስማምታለች" አለች።

ገነቴም ከኛ ብቻ እየወሰደች ዝም አላለችም። የዊጆ ቅቤያችንን ያለ ምንም ክፍያ ገበያ አደርሳለሁ፣ ከሸጥኩት ላይም ትርፍ አልይዝም አለች። ለቅሶው እንደ ቃሏ በነፃ ይቀጥላል፤ ግን የዊጆው ሴቶች አንድ ነገር ጨመርንበት፤ የቤንዚን መኪና ያላቸውም መኪናቸውን ካላወጡ የገነቴ አትወጣም። ይህን ለወንዶቹ የማድረስ ሥራ ለማቴዎስ ተሰጠ፤ ደፉን ሳያልፍ ተቀበለ።

ዓርብ ሙከራ ሆነ። አንድ ኤሌክትሪሻን በጠዋት የዘጠኙንም ቤት ሶኬት አየ። የሁለታችንን አልወደደውም፣ "ይሄ ስልክ እንጂ መኪና አይሞላም" ብሎ ቀየረው፤ አንዱ የኔ ነበር። ከዚያ ሙሉወርቅ ቤት ሄድን። በሩ እንደተባለው ጠባብ ነው፤ መስታወቶቿን አጥፈን አስገባናት። ገመዱ ግን ሶኬቱ ጋ ሊደርስ ሁለት ክንድ ያህል ቀረው፤ በመሃል ደግሞ አንድ ትልቅ እንሰት ቆሟል። ሙሉወርቅ እንሰቱን ዞራ አየችው። ለሚቀጥለው ዓመት ያቆየችው ነበር።

"ቆጮውን ዘንድሮ እንበላዋለን" አለችና መጥረቢያ አስመጣች።

እንሰቱ ወደቀ፣ መኪናዋ ተጠጋች፣ ተሰካች። ወዲያው የቤቱ መብራት ጠፋ።

"ምድጃ ላይ ምን አለ?" አለ ማቴዎስ ከውጭ።

"የምሳ ወጥ።"

"ወጡና መኪናው በአንድ ጊዜ አይበሉም። አንዱን አውርጂ።"

ወጡ ወረደ፣ ብሬከሩ ተመለሰ፣ መኪናዋ ላይ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ዘጠኝ ሴት ቆመን አየናት። ሙሉወርቅ ጆሮዋን ወደ መኪናው አስጠግታ ቆይታ፣ "ስትጠጣ ድምፅ የላትም እንዴ?" አለች። ምሳ የበላነው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ማንም አላጉረመረመም፣ የሙሉወርቅ ባል ብቻ ትንሽ።

ቅዳሜ ሽብሩ መጣ። አዲስ ጃኬት ለብሷል፣ በእጁ ቦርሳ ይዟል። ገነቴ የዚያን ቀን የዶዮገናን ገበያ ትታ ምሳ አቀረበችለት፤ በልቶ እስኪጨርስ ምንም አልነገረችውም። ከዚያ ነገረችው።

"እትዬ ገነቴ፣ ቃል ነበረን" አለ።

"ናና እያት ነው ያልኩህ። መጣህ፣ አየሃት።"

"ከዱራሜ ድረስ መኪና ለማየት ብቻ ይመጣል?"

"ቆጮም በልተሃል" አለች ሙሉወርቅ፤ የመጣችው ገነቴ ሐሳቧን እንዳትቀይር ልትጠብቅ ነበር። "ደግሞስ ብትገዛት የት ልትሞላት ነበር?"

"ቤቴ ነዋ።"

"አንድ ቆጣሪ?"

"ስንት ቆጣሪ ይኖረኛል ታዲያ?"

"ሚስትህ ዊጆ አላት?"

ሽብሩ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ሳይገባው ሁላችንንም በየተራ አየን። "አላት" አለ። "አሥራ ሁለት ናቸው።"

"አሥራ ሁለት" አለች ሙሉወርቅ፣ እንደ መቅናት ብላ። ከዚያ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው አስረዳችው። እሱም ሰማ። አንድ ሁለቴ ማቴዎስን እየጠራ ስለ ተመኑ ጠየቀ። ሲጨርስ ቦርሳውን ብብቱ ሥር አድርጎ ተነሳ፤ አልተቆጣም፣ ግን ደስ ብሎት ሄደ ብዬ አልዋሽም። ገነቴ ራሷ እስከ መናኸሪያ አደረሰችው። ስትመለስ ሳሎን ገባች፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀችና ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ለካ ጉልበቷም እውነት ያማታል።

"ለማክሰኞ ገበያ ስንት ሰዓት እንነሳ?" አለችኝ።

"እንደ ሁልጊዜው" አልኳት።

ይኸው ነው ወሬው። ያልነገርኳችሁ ቢኖር ጃጁራ ላይ ሚክያስ የሚባል የጤና ጣቢያ ነርስ እንዲሁ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና እንዳለው ነው። እሱም በመብራቱ ዋጋ ተማሮ "የሚሸጥ" የሚል ወረቀት መስታወቷ ላይ ለጥፏል ሲሉ ዛሬ ጠዋት ሰማሁ። የሚስቱ ዊጆ ስንት ሴት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ጃጁራ ላይ ዊጆ የሌላት ሴት አላጋጠመችኝም። ስልኩ አይነሳም። መናኸሪያው ላይ የጃጁራው ሚኒባስ ሁለት ሰው ቀርቶታል ብለውኛል፤ ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ፤ ሳይሸጣት እንድደርስ ነጠላዬን ይዤ ልውጣ።